ሳትሞት ያለቀስንላት አክስቴ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ልጆቼ "አባባ፣ ሰባ አንድ ነው ሰባ አራት?" እያሉ ያፋጥጡኛል፤ እኔ ግን ዘመን የምቆጥረው በደረሰብኝ ነገር ነው። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ሀ ሁ ከለየሁ በኋላ ነው። ስኳርና ዱቄት ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን የምንወስድበት ጊዜ ነው። ወሩም የበልግ ዝናብ የሚጥልበት እንደነበር የማውቀው፣ የእድሩ ድንኳን እያፈሰ ውሃው በአንገቴ ይገባ ስለነበር ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ። የሆነውን ግን፣ ማን የት እንደተቀመጠ ሳይቀር፣ እነግራችኋለሁ።

ሥራዬ ሽመና ነው። ከጋሞ ደጋ በልጅነቴ መጥቼ ጉለሌ ቀረሁ። ያን ጊዜ ከአዲሱ ገበያ ትንሽ ወደ ላይ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነበረን፤ በአንዱ ክፍል እኔና ባለቤቴ ወርቄ ከልጆቻችን ጋር እንተኛለን፣ በአንዱ ሸማ እሠራለሁ። ጌታንም ያገኘሁት እዚሁ ሰፈር ነው። የጸሎት ቤታችን ታሽጎ የቀበሌ አዳራሽ ሲሆን በየቤቱ ተደብቀን መሰብሰብ ጀመርን። መጋቢያችን ሊታሰር ሁለት ቀን ሲቀረው እጄን ይዞ፣

"አንጁሎ፣ መንጋው አደራ። እንዳይበተን" አለኝ።

"እኔ? ማንበብ እንኳ ገና አሁን እየጀመርኩ?"

"ለማንበብ ሌላ ሰው አለ። አንተ ሰው ታዳምጣለህ።"

በቃ፣ ሸማኔው አንጁሎ የአርባ ሰው እረኛ ሆነ። መጋቢው ታሰረ፤ ምክር የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም።

ችግሩ የመጣው እንዲህ ነው። አንድ ቅዳሜ ቀበሌው ነዋሪውን ሁሉ ሜዳ ላይ ሰብስቦ "ግራ እጅ ወደ ላይ! መፈክር!" አለ። ከእኛ ሰዎች ገሚሱ "ከሁሉ በላይ የምንለው አንድ ጌታ ነው" ብለው እጃቸውን ሳያነሱ ቀሩ፤ እዚያው ተለቅመው ታሰሩ። ገሚሱ አነሳ። እኔስ አትሉም? እኔ የዚያን ቀን ወባ ይዞኝ፣ ሁለት ጋቢ ደርቤ አልጋዬ ላይ ስንቀጠቀጥ ነበር። አላነሳሁም፣ እምቢም አላልኩም።

የታሰሩት ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ተፈቱ። እልል ብለን ተቀበልናቸው። እልልታው አንድ ሳምንት አልቆየም። ከተፈቱት ዋናው ብርሃኑ የሚባል አናጺ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ሚስማር የሚመታ የሚመስል። የጌታን እራት ልንቆርስ ስንል ተነሣና፣

"ግራ እጁን ያነሳ ሰው ቀኝ እጁን ወደ ጌታ ማዕድ አይዘረጋም" አለ። "በጉባኤ ፊት ቆሞ 'ክጃለሁ' ይበል። ያለዚያ እኛ ከነሱ ጋር አንቆርስም።"

እጃቸውን ካነሱት መካከል ደምሴ ነበር፤ አዲሱ ገበያ ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ፣ ወፍራም፣ ተጫዋች። እሱ ዝም አለ። ከኋላው ያሉት ግን ዝም አላሉም። "እናንተ ስትታሰሩ ለልጆቻችሁ ዱቄት ማን ተሰለፈ?" አለች አንዷ። "እጅ ያነሳ ሁሉ ልቡን አነሳ እንዴ?" አለ ሌላው። በቃ ሁለት ወገን ሆንን። እኔም አላዋቂ፣ ጥቅስ ይፈታዋል ብዬ ሁለቱም ወገን መጽሐፍ እንዲያነብ አደረግሁ። እነዚያ አንድ ጥቅስ ሲወረውሩ እነዚህ ሁለት ይመልሳሉ። ዳኛ ልሁን ስል ደግሞ፣

"እርስዎማ ምን አለብዎት ጋሽ አንጁሎ፣ ወባ አዳነዎት" ይሉኛል። በዚህ ብቻ ሁለቱም ወገን ይስማማሉ!

ወራት እንዲህ አለፈ። ማዕድ ሳንቆርስ። በመጨረሻ እነብርሃኑ "ነገሩ በዚህ እሁድ ካልተቆረጠ ለየብቻችን እንሰበሰባለን" አሉ። መጋቢው የሰጠኝ አደራ በእጄ ላይ ሊሰበር ነው። እንቅልፍ አጣሁ፤ ሽመናው ላይ ተቀምጬ ድሩ ሲበጠስብኝ ይውላል።

እሁድ ደረሰ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለት ሁለት እየሆኑ ገቡ። እነብርሃኑ በመስኮቱ በኩል፣ እነደምሴ በሸማ ዕቃዬ በኩል። ጸሎቱ እንዳለቀ ክርክሩ ተነሣ። ድምፅ ከፍ፣ ከፍ አለ። አንዲት እህት ማልቀስ ጀመረች። እኔ "ኧረ ቀስ በሉ፣ ኧረ መንገዱ ቅርብ ነው" እላለሁ፤ ማን ይስማኝ! ይህን ጊዜ በሩ ተደበደበ።

"ክፈቱ! ጥበቃ!"

ቤቱ ጸጥ አለ። የዚያች እህት ለቅሶ ብቻ ህቅ ህቅ ይላል። ከፈትኩ። አሰፋ ነው፤ የሰፈራችን ልጅ፣ አሁን የአብዮት ጥበቃ ሆኖ ጠመንጃ ያንጠለጠለ። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ አየ።

"ጓድ አንጁሎ፣ ይኼ ሁሉ ሰው ምንድነው? ስብሰባ ነው?"

"እ... ማለቴ..." ያቺ እህት ህቅ አለች። "ለቅሶ ነው።"

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አስቤ አላልኩትም።

"ማን ሞቶ?"

"አክስቴ። አገር ቤት ያለችው። መርዶዋን አሁን ሰማሁ።"

ወርቄ ከኋላዬ ነበረች። አየችኝ። እኔን ለማዳን አንዲት ሰከንድ አላጠፋችም፤ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና "ወይኔ! እትዬን! ወይኔ እትዬን!" ብላ ደረቷን መታች። ሌሎቹም ተከተሉ። ለወራት በአንድ ነገር መስማማት ያቃተው ጉባኤ በአንድ አፍ አለቀሰ!

አሰፋ ኮፍያውን አወለቀ። "እግዜር ያጥናዎት" አለ፤ ጓድ ማለቱንም ረሳው። ወዲያው ግን ዓይኑ ሰዉን አንድ በአንድ ቃኘ። "እነዚህ ሁሉ ዘመድ ናቸው?"

"ዘመዳሞች ነን።"

"እሺ። እንግዲህ ነገም ከነገ ወዲያም እናያችኋለን። ዘመድ ከለቅሶ ቤት አይጠፋም።"

ማጽናናት ይሁን ማስፈራራት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሄደ።

ብርሃኑ ቀና አለና "ዋሹ እኮ ጋሽ አንጁሎ" አለኝ።

"ታዲያ 'ጸሎት ላይ ነን፣ ጠመንጃህን አስቀምጥና አብረኸን ዘምር' ይበሉት?" አለ ደምሴ። ከወዲህ በኩል ያሉት ሳቁ፤ ከወዲያ በኩል ያሉት አልሳቁም። አንድ ባንድ ወጡ። እኔም እዚያው አለቀ ብዬ አሰብኩ። ምን ሞኝ ነኝ!

በማግስቱ ገና ሳይነጋ የእድሩ ጥሩምባ ቀሰቀሰኝ። ማንን ነው ደግሞ የወሰደው ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ። ለፋፊው ከበራችን ሥር ቆሞ ይጮኻል፦ "የእድርተኛው የአንጁሎ አክስት ስላረፉ፣ እድርተኛ ለቅሶ ቤት!"

"ወርቄ! ኧረ ወርቄ! አክስቴን ገደሏት!"

"የገደልካትስ አንተ ነህ" አለችኝ ነጠላዋን እየፈለገች። "አሰፋ ለእድሩ ነግሮ ነው። ተነሥ፣ ፊትህን ታጠብ። አይ፣ አትታጠብ፤ እንዲያውም እንደሱ ይሻላል።"

ሁለት ሰዓት ላይ ድንኳን ተተከለ። አግዳሚ ወንበር መጣ፣ የእድሩ ትሪና ድስት መጣ፣ ንፍሮ ተጣደ። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ በሌላ ቀን "ጴንጤ" እያሉ የሚያሾፉብን። ያን ዕለት ግን እያለቀሱ ገቡ። አንዲት አሮጊት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "አይዞህ፣ እናት ማለት እኮ ናት፣ እናት!" ስትለኝ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የእኛም ሰዎች መጡ። ምን ያድርጉ? አሰፋ አይቷቸዋል፤ ቢቀሩ ውሸታችን ሊወጣ ነው። መጡና እንደ እሁዱ ሁለት ወገን ሆነው ተቀመጡ፤ እነብርሃኑ ከምሰሶው በስተግራ፣ እነደምሴ በስተቀኝ፣ ጀርባ ለጀርባ። ንፍሮ ሲታደልም አንዱ ወገን ከሌላው ወገን ሰው እጅ አይቀበልም።

ይህን ሁሉ የሚያይ አንድ ሰው ነበር፤ የእድሩ ዳኛ። ሰፈሩ ሁሉ "ዳኛ" ነው የሚላቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ከዘራቸውን እንደ ሦስተኛ እግር የሚጠቀሙ፣ በየወሩ ሃያ አንድ እንጦጦ ማርያምን በእግራቸው ወጥተው የሚሳለሙ። እኛን አይወዱንም ይባል ነበር። ጥቂት ካዩ በኋላ መሃል ላይ ቆሙ።

"እኔ ስንት ለቅሶ ያየሁ ሰው ነኝ" አሉ። "ዘመድ ሁለት ወገን ሆኖ ሲቀመጥ የማየው ውርስ ሲኖር ነው። መሬቱ እንደሆነ ለአራሹ ተሰጥቷል። ምኑን ነው የምትጣሉበት?"

ጎረቤቱ ሳቅ አለ። ዳኛ ወደ ግራ ዞረው አንዷን እህታችንን "ለመሆኑ የሟቿ ስም ማነው? ነፍስ ይማር እንድንል" አሏት።

"እትዬ አማረች" አለች ቶሎ ብላ።

ከቀኙ ወገን አንዱ በዚያው ቅጽበት ለሌላ ጎረቤት እየመለሰ ነበር፤ "እማማ ዘነበች ይባላሉ" ሲል ሁላችንም ሰማነው።

ዳኛ ከዘራቸውን አነሱና ትከሻዬን ነካ አደረጉ። "ና እስኪ።"

ከድንኳኑ ጀርባ፣ ድስቱ ከተጣደበት አለፍ ብለን ቆምን።

"አክስትህ ስንት ስም አላቸው?"

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ። አልቻልኩም። "ዳኛ፣ አክስቴ አልሞተችም" አልኩ። "ደህና ናት። ፈርቼ ዋሸሁ።" ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጸሎቱን፣ እጁን፣ ማዕዱን፣ መጋቢው የሰጠኝን አደራ። አንድ ቃል ለቀበሌ ቢናገሩ አለቀልን፤ እሁድ ቤቴ የነበረው ሃያ ሰባት ሰው እስር ቤት ይገባል።

መጀመሪያ በጣም ተቆጡ። "ለቅሶ ይቀለድበታል? ድንኳኔን! ያንን ሁሉ ሰው ከሥራው አስቀርተህ!" ቀጥሎ ምን እንደታያቸው እንጃ፣ ሳቅ አፈናቸው፤ ሰው እንዳይሰማ ጋቢያቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ሳቁ፣ እንባቸው እስኪወርድ። ከዚያ ኮስተር ብለው አዩኝ።

"የሃይማኖታችሁ ጉዳይ የኔ አይደለም። እሱን እዚያው ከአምላካችሁ ጋር። ድንኳኑ ግን የኔ ነው። በኔ ድንኳን ሥር ጀርባ ለጀርባ አይበላም።"

ተመለሱና የምሳ ትሪ ሲቀርብ ቦታ መደልደል ጀመሩ። በለቅሶ ቤት ዳኛ ያስቀመጠህ ቦታ ነው የምትቀመጠው። "አንቺ እዚህ። አንተ ረጅሙ፣ እዚህ። አንተ ጎሚስታው፣ ና ከረጅሙ ጋር። ምን ቆመህ ታየኛለህ፣ ና!" ብርሃኑና ደምሴ በአንድ ትሪ ዙሪያ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እኔም ከነሱ ጋር። ማንም እጁን አልሰደደም። ብርሃኑ ትሪውን እንደ ጠላት ያየዋል።

ዳኛ ከጎናችን ዱካ ላይ ቁጭ አሉና ብርሃኑን ትኩር ብለው አዩት። "አንተ የማን ልጅ ነህ? መልክህ ጠፋብኝ።"

"የብርቄ።"

"የትኛዋ ብርቄ? ቆሎ የምትሸጠው?"

"አዎ።"

"ብርቄን እኮ እኛ ነን የቀበርናት!" አሉ ከዘራቸውን መሬት እየመቱ። "አንተ ያኔ የት ነበርክ?"

"እስር ቤት።"

"መርዶስ ማን ነገረህ?"

ብርሃኑ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። እውነት ነው፤ በተፈታ ቀን የነገርኩት እኔ ነኝ። ያኔ "እሷም በጌታ እኔም በጌታ፤ አላለቅስም" ብሎኝ ነበር። እኛ እንደ ዓለም አናለቅስም እንል ነበርና፣ እኔም ጎበዝ ብዬ አመስግኜው ነበር። አይ አለማወቅ!

"ማን አስለቀሰህ? ድንኳን ማን ጣለልህ?" አሉ ዳኛ።

"ማንም።"

ዳኛ ቀስ ብለው ተነሡ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "እድርተኞች! ይኼ የብርቄ ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት እስር ላይ ነበር፤ ለቅሶ አልተቀመጠም። ዛሬ ተቀምጧል። ብርቄን የምታውቁ ሁሉ፣ አስለቅሱት!"

ጎረቤት ሁሉ ብርቄን ያውቅ ነበር። "ብርቄ ደጓ! ብርቄ ባለ ቆሎዋ!" እያሉ ሴቶቹ ሲነሡ፣ ያ ሚስማር የመሰለ ሰው ግንባሩ ትሪው ጠርዝ ላይ ወደቀ። እንዴት እንዳለቀሰ! ድምፁ ከሆዱ ነው የሚወጣው። እኔም አለቀስኩ፤ አሁን የውሸት አልነበረም።

ብዙ ቆይቶ ቀና አለ። ማንን እንደሚጠይቅ ዙሪያውን አየ። ዳኛ በከዘራቸው ደምሴን ጠቆሙት። "ለመቃብሩ ወረቀት ከኔ ጋር ቀበሌ ሲመላለስ የነበረው እሱ ነው። እሱን ጠይቅ።"

በወራት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ብርሃኑ ደምሴን በስሙ ጠራው።

"ደምሴ፣ እንዴት ሞተች?"

ደምሴ ያ ተጫዋቹ ሰው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። "ጉልበቷን ያማት ነበር። ስንቅህን ግን በእግሯ ነበር የምታመጣልህ። ሳህኑ ባዶ ሲመለስላት 'ልጄ በላ' ትላለች፤ ለሷ እሱ ደብዳቤ ነው። መጨረሻ ላይ መራመድ ሲያቅታት እኔ አደርስላት ነበር። አንድ ጠዋት ሳህኑን ልቀበል ስሄድ በሩ አልተከፈተም። ተኝታ ነው ያለፈችው። ፊቷ ሰላም ነበር።"

"ከዚያ በኋላስ?" አለ ብርሃኑ። "ስንቁ እኮ አልተቋረጠም። እስክፈታ ድረስ መጥቶልኛል። ያው ሳህን ነበር።"

የደምሴ ሚስት ከወዲያ "እንዳትሰማ ብለን ነው" አለች። "ሳህኑ ቢለወጥ ታውቅ ነበር።"

ይህን ጊዜ ከኛ መካከል አንዱ ዘለለ። "ይኸው! አየህ ብርሃኑ? እጁን ያነሳው ለዚህ ነዋ! ለእናትህ ብሎ ነው፣ ላንተ ብሎ ነው!"

ነገሩ ሊያልቅ ነው ብዬ ልቤ ሲዘል፣ ደምሴ ራሱን ነቀነቀ።

"አይደለም" አለ። "አትዋሹልኝ። ለማንም ብዬ አላነሳሁም። ፈርቼ ነው። አጠገቤ የቆመውን ሲደበድቡት አየሁ፤ እጄ ብቻዋን ወጣች። ስንቁ ሌላ ነው፣ ፍርሃቱ ሌላ ነው።"

ብርሃኑ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ እንጀራ ቆርሶ ከወጡ አጠቀሰና ደምሴን አጎረሰው። ደምሴ መዋጥ አቅቶት እንባና ወጥ ተደባለቀበት። "ይብላኝ ለነጠላህ" አለች ሚስቱ፤ እያለቀስን ሳቅን።

ማክሰኞም ተቀመጥን። ዳኛ በየቀኑ ትሪውን እየደባለቁ፣ ማንም ከወገኑ ጋር እንዳይቀመጥ አደረጉ። ሰዎች ማውራት ጀመሩ። የታሰሩት እስር ቤት ያዩትን፣ የቀሩት ውጭ የፈሩትን። ንፍሮ እየቆረጠሙ ነው የሚያወሩት። ዝናቡ ድንኳኑን ሲበሳው ተጠጋግተው መቀመጥም ግድ ሆነ።

ረቡዕ ረፋድ ላይ አሰፋ መጣ፤ ከአንድ የቀበሌ ሰው ጋር። ፊቱ ጥሩ አልነበረም።

"ጓድ አንጁሎ፣ የሞተችው ማናት? አንዱ አማረች ይላል፣ አንዱ ዘነበች ይላል።"

ዳኛ ከተቀመጡበት ሳይነሡ መለሱ። "ብርቄ ናት።"

"አክስት ነው የተባለው እኮ!"

"እሱን አንጁሎ በድንጋጤ ቀባጥሯል፤ ከኔ ጋር ተነጋግረንበታል። ለቅሶው የብርቄ ነው። ልጇ መንግሥት ዘንድ ታስሮ ሳለ ሞታ አላለቀሰላትም ነበር። ይኸውልህ ልጇ። የመቃብሩን ወረቀት የጻፈው ቀበሌያችሁ ነው፤ ሄደህ አገላብጥ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "አሰፋ ልጄ፣ እናትህ የሞተች ለት ድንኳኑን ማን ተከለልህ?"

አሰፋ አንገቱን ደፋ። "እርስዎ ነዎት።"

"በል ቁጭ በል። ንፍሮ ስጡት።"

ቁጭ አለ። ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ በሁለት እጁ ንፍሮ ተቀበለ። የቀበሌውም ሰው "ነፍስ ይማር" ብሎ ተቀመጠ። ሲሄዱ ወርቄ ደግፋ አስቀመጠችኝ።

ድንኳኑ ሊፈርስ አንድ ሰዓት ሲቀረው ጎረቤት ተሸኘ። የእኛ ሰዎች ብቻ ቀሩ፤ ዳኛም። ብርሃኑ ወደ እኔ መጣና "ጋሽ አንጁሎ፣ እንቁረስ" አለኝ። "እዚህ? በቀን? መንገድ ዳር?" አልኩት። "እዚህ። ከለቅሶ እህል የተረፈ ድፎ ዳቦ አለ።"

ዳኛን አየኋቸው። "እኔ የናንተን አልበላም፤ ደግሞም ረቡዕ ነው፣ ጾም ነኝ" አሉ። ዱካቸውን አንሥተው ወደ ድንኳኑ አፍ ወሰዱና ጀርባቸውን ለእኛ፣ ፊታቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ተቀመጡ። ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ይጠብቁልን ጀመር።

ዳቦውን ያዝኩ። የምናገረው ጠፋኝ። እንዲህ አልኩ፦ "እጅ ካነሱትም፣ ካላነሱትም ጋር አልነበርኩም። ወባ ይዞኝ ነበር። ባይዘኝ ኖሮ፣ ወርቄንና ልጆቼን እያየሁ፣ አነሳ ነበር ብዬ እፈራለሁ። ይህንን እስከ ዛሬ ደብቄአችሁ ንጹሕ መስዬ በመካከላችሁ ቆሜአለሁ። እሁድ ደግሞ ዋሽቻለሁ። ከዚህ ማዕድ መከልከል ያለበት ሰው ካለ መጀመሪያ እኔን ከልክሉኝ።"

ማንም አልከለከለኝም። ብርሃኑ ዳቦውን ከእጄ ወስዶ ቆረሰና ለደምሴ ዘረጋለት። ደምሴ ሁለት እጆቹን አየ፤ በጎማ ጥቁር የተበላሹ ናቸው።

"በየትኛው ልቀበል?" አለ። ቀልድ ይሁን ምሬት አልለየሁም።

"በሁለቱም" አለ ብርሃኑ። "እንጀራ በአንድ እጅ አይቀበሉም።"

በሁለቱም ተቀበለ። እኛም ተቀበልን።

እንግዲህ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብላችሁ እንዳታስቡ። ሁለት ቤተሰብ "በውሸት ድንኳን ውስጥ የተቆረሰ እንጀራ አንበላም" ብለው ሄዱ፤ አልተመለሱም። ደጋግሜ ቤታቸው ሄጃለሁ። አልፈርድባቸውም፤ ውሸቱ የኔ ነበር። ለአክስቴም ኋላ ሰው ልኬ ይቅርታ ጠየቅሁ። "ስሞት አትልፉ፤ አልቅሳችሁልኛል" ብላ ላከችብኝ። ከዚያም ብዙ ዓመት ኖረች። መጋቢያችን ሲፈታ ነገሩን ስነግረው ሳቀና "እኔ ብሆን ሌላ ጥቅስ እጨምርባቸው ነበር" አለኝ።

እናንተ ዛሬ ጉባኤ የምትመሩ ልጆቼ፣ ሕዝባችሁ ሁለት ወገን ሲሆንባችሁ እኔ ያልተማርኩት ሰው ምን ልንገራችሁ? ሕግ አያስፈልግም አልልም። ግን እኔ ወራት ሙሉ ማን ትክክል እንደሆነ ስመረምር፣ ማን ምን እንደጠፋበት አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ብርሃኑ ስለ ማዕድ ሲከራከር እናቱን ነበር የሚያለቅሰው፤ እሱም አላወቀው፣ እኔም አላወቅሁለት። ደምሴም "ፈራሁ" የሚልበት ቦታ አጥቶ ነበር እንጂ እምቢተኛ አልነበረም። ክጃለሁ በል ብለው ሲያስገድዱት ያላለውን፣ አጠገቡ ተቀምጠው ሲጠይቁት ራሱ አለው። እኔ ደግሞ ከሁለቱም በላይ እንደሆንኩ አድርጌ በመሃል መቆሜ ነገሩን አባባሰው። ወባዬን ከተናዘዝኩ በኋላ ነው ሰው የሰማኝ። አብረው አስቀምጧቸው። አትቸኩሉ። ስትሳሳቱ ደግሞ ቀድማችሁ ተናገሩ። ከዚህ የበለጠ አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ያን መንጋ ያዳንኩት እኔ እንዳልሆንኩ ታውቃላችሁ። ከሃይማኖታችን ያልነበሩ፣ ሊያሳስሩን ሲችሉ ጀርባቸውን ሰጥተው የጠበቁን ሽማግሌ ናቸው። ዳኛ ዳኛ እያልኩ የጠራኋቸው ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ስለሚላቸው ነው። ኋላ ሲሞቱ ድንኳናቸውን ከተከሉት መካከል ብርሃኑና ደምሴ ነበሩ፤ እኔም ሦስቱን ቀን ከፊት ተቀመጥኩ። ሰው ስማቸውን ሳያውቅ እንዳይቀር ልጻፈው፦ ባሻ ይርዳው ይባላሉ።